በሐረገወይን እጅ የተጻፈው

ሐረገወይን ተወልዳ ያደገችው እነሞር፣ ጉንችሬ ነው። አባቷ ገበያው ዳር ሳሙና፣ ጨውና ክብሪት የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። በ1996 ዓ.ም. በነርስነት ተመርቃ ቡታጅራ ከሚገኙት ጤና ጣቢያዎች ባንዱ ስትመደብ ገና የሀያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበረች። ብዙም ሳይቆይ ሰው ለመዳት። በሽተኛ አታመናጭቅም፤ ስም አትረሳም። አማርኛ የሚቸግራቸው እናቶች ሲመጡ የእሷ የእነሞር ጉራጊኛ ቡታጅራ ከሚነገረው ከመስቃኑ ባይገጥምም፣ ግማሹን በቃል ግማሹን በእጅ ምልክት እያለች ትግባባቸዋለች። በኋላ ራሷ እንደምትለው፣ ጥፋቷም የጀመረው ከዚሁ፣ ሰው ሲያመው ማየት ካለመቻሏ ነው።

ሸምሶን ያወቀችው ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ነው። ሸምሶ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ የሚኖር፣ አርባ ዓመት ያለፈው ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። በዚያ አካባቢ ውኃ የወጣበት ጉድጓድ ሁሉ የእሱ እጅ አለበት ይባል ነበር። በ2001 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ሲቆፍር ውሎ በገመድ እየተሳበ ሲወጣ ገመዱ ተበጠሰና ስድስት ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ በጀርባው ወደቀ። ሆስፒታል ሁለት ወር ተኛ። ሲወጣ አጥንቱ ገጥሟል፤ ሕመሙ ግን አልለቀቀውም። የሆስፒታሉ ሐኪም መውጫ ወረቀቱ ላይ ትራማዶል የሚባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ለአሥር ቀን ብቻ አዘዘለትና «ከዚያ በኋላ በቅርቡ ባለው ጤና ጣቢያ ይታይ» ብሎ ጻፈ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሸምሶ ከሚስቱ ከሰፍያ ጋር ሐረገወይን ክፍል ገባ። ወንበሩ ላይ መቀመጥ ስላልቻለ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ክኒኑ አልቋል፣ ሲስተር» አላት። «እሱን ስውጥ ሰው እሆናለሁ። ካልዋጥኩ ይኸው እንደምታይኝ ነኝ።»

ሐረገወይን በሩን አየች። ወረፋው ግቢውን አልፎ አስፋልቱ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ያን ሰሞን ቢፒአር የሚሉት አዲስ አሠራር መጥቶ፣ አንድ በሽተኛ በስንት ደቂቃ ተስተናግዶ መውጣት እንዳለበት የሚናገር ወረቀት ከጠረጴዛዋ በላይ ተለጥፏል።

«እስቲ ለአንድ ወር ልጻፍልዎ፣ ጋሽ ሸምሶ» አለችና ጻፈች።

ወሩ ሲሞላ ደገመች። ሲሞላ ደግሞ ደገመች። ሸምሶ ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ። በአምስተኛው ወር እንደገና ገመድ ታጥቆ ጉድጓድ ወረደ። ይህን የነገራት ቀን ሐረገወይን ደስታዋን የምታደርግበትን አጣች። እሑድ ጸሎት ቤት ምስክርነት ስጡ ሲባል ተነስታ፣ መቀመጥ ያቃተው ሰው ዛሬ ውኃ እያወጣ መሆኑን ተናገረች። ሰዉ አጨበጨበ። ሰፍያም በየወሩ ከጓሮዋ አቮካዶ እያመጣች «አላህ ይስጥልኝ» ትላት ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ረመዳን ገባ። ያለፈውን ዓመት በሕመሙ ሳይጾም የቀረው ሸምሶ ዘንድሮ እንደ ሰው ሁሉ ጾመ፤ የቀን ክኒኑን ተወው። በአራተኛው ቀን ልጁ መሕቡባ ደግፋ አመጣችው። ላብ ያጠምቀዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ አፍንጫው ይፈስሳል፣ ሆዱ አልቆም ብሏል፤ ወገቡን ደግሞ እንደ መጀመሪያው ቀን ይዞታል።

«ሕመምዎ ተነስቷል» አለችው ሐረገወይን። «የታመመ ሰው እንዲያፈጥር ሃይማኖታችሁም ይፈቅድ የለ? ክኒኑንማ ማቋረጥ አይገባም።»

እዚያው ውጦ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሲረጋጋ አየችው። እንግዲህ ሕመሙ በርትቶበታል ብላ መጠኑን በእጥፍ ከፍ አደረገችለት።

ከዚያ በኋላ ማዘዣው የሁለቱም ልማድ ሆነ። ሸምሶ ገና ከበሩ ብቅ ሲል «እንደተለመደው?» ትለዋለች፤ «እንደተለመደው» ይላል፤ ካርዱን ሳትገልጥ ትጽፋለች። በቀን አራት የነበረው ስድስት፣ ስድስቱ ስምንት ሆነ። አንዳንዴ ወሩ ሳይሞላ ይመጣል፤ ጠፋብኝ፣ ልጆች ደፉብኝ ይላል። እሷም አትጠይቀውም። በአሮጌ ማዘዣዎቿ ከከተማው መድኃኒት መሸጫዎች እንደሚጨምርበት በሹክሹክታ ሰምታ ነበር። ሰማች እንጂ አላጣራችም።

አንድ ቀን ሰፍያ ለብቻዋ መጣች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጠርዝ እየጠቀለለች፦

«ሲስተር፣ ይሄ ክኒን እስከ መቼ ነው?» አለቻት።

«እስኪሻለው ነዋ።»

«ሰውዬው ተለውጧል። ተቀምጦ ያንቀላፋል። ክኒኑ ከዘገየ ልጆቹ ላይ ይጮኻል። ሸምሶ በልጅ ላይ ጮሆ አያውቅም ነበር።»

«ሕመም ነው ሰፍያ፤ ሕመም ሰው ያበሳጫል። ታገሺው» አለቻትና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራች።

ይህችን ንግግር ሐረገወይን በኋላ ስንት ጊዜ ለራሷ እንደደገመቻት አይቆጠርም። ጥያቄው ቀርቦላት ነበር። በትክክለኛው ሰው፣ በትክክለኛው ጊዜ ቀርቦላት ነበር።

በ2004 ዓ.ም. መስከረም መግቢያ፣ ዓርብ ቀን፣ ሸምሶ መስጊድ ግቢ ውስጥ ለጁምዓ ስግደት ውዱእ እያደረገ፣ እጅ እግሩን እየታጠበ ሳለ ድንገት እንደ እንጨት ደርቆ ወደቀ። ዓይኑ ተገለበጠ፣ አፉ አረፋ ደፈቀ፣ ሲሚንቶው ላይ ተንፈራገጠ። ከቧንቧው ወዲህና ወዲያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አየው። ካዩት መካከል ሸረፋ የሚባሉት የበርበሬ ነጋዴ አሉ። የሸረፋ ልጅ አብዱልሃፊዝ የሸምሶን ልጅ መሕቡባን አጭቶ፣ ሠርጉ ለአረፋ በዓል ማግስት ተቆርጦ ነበር።

ሸምሶን በጋሪ ጭነው ጤና ጣቢያ አመጡት። ነቅቷል፤ ግን የት እንዳለ አያውቅም። ሐረገወይን የሆነውን ሁሉ ጠየቀች፣ ምላሱ መነከሱን አየች፣ ካርዱ ላይ «የሚጥል በሽታ» ብላ ጻፈች። የሚጥል በሽታ ክኒን አዘዘችለት። እዚያው ማዘዣ ላይ፣ ከሥር፣ ትራማዶሉንም እንደተለመደው ጨመረችበት።

በሁለተኛው ሳምንት ቤቱ እያለ ደገመው። ጎረቤቱ ጂን ነው አለ። ሌላው ጉድጓድ ውስጥ የለከፈው ነገር ነው አለ። አብሮት ይቆፍር የነበረ ሁሉ ከእሱ ጋር ገመድ መያዝ ፈራ።

መስከረም ሳያልቅ ሐረገወይን ለሦስት ቀን ሥልጠና ወልቂጤ ተላከች። ሥልጠናው ስለ አእምሮ ሕመምና ስለሚጥል በሽታ ነበር። በሁለተኛው ቀን አሠልጣኙ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሐኪም፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፈ፦ «በሽተኛው ምን ይወስዳል?»

«አዋቂ ሰው ድንገት ቢወድቅባችሁ የሚጥል በሽታ ከማለታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ» አለ። «ራሳቸው ሰውን የሚጥሉ መድኃኒቶች አሉ። ትራማዶልን ውሰዱ። መጠኑ ሲበዛ ይጥላል።»

ሐረገወይን በሻይ ሰዓት አሠልጣኙ ለብቻው እስኪቀር ጠብቃ ተጠጋችው።

«አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሽተኛ አላት» ብላ ጀመረች። ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ ፊቷ ጋለ። «ትራማዶል ሁለት ዓመት ተኩል ወስዷል። አሁን በቀን ስምንት ደርሷል።»

«ሁለት ዓመት ተኩል?» አለ ሐኪሙ። «ለምን?»

ሐረገወይን የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ለማንኛውም ባንዴ እንዳታቋርጠው ንገሪያት» አለ። «ሰውነቱ ለምዶታል። ባንዴ ከቀረ ላብ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ተቅማጥ፣ ሕመሙም ይብስበታል። ያን ጊዜ በሽታው ተነሳ ትልና ትጨምርለታለች፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚሳሳተው። ቀስ እያለች፣ በሳምንት በሳምንት ትቀንስለት።»

ሐረገወይን ያን የረመዳን ቀን፣ የሸምሶን ላብና የራሷን «ሕመምዎ ተነስቷል» አስታወሰች። ወደ ቡታጅራ ስትመለስ መኪናው በደጋው በአረቅጥ ብርድ ውስጥ ሲያልፍ ሁሉም መስኮት ይዘጋ ሲል እሷ ብቻ ብርዱ አልተሰማትም። ዛሬውኑ ለእነሸምሶ እነግራቸዋለሁ እያለች ወረደች።

አልነገረቻቸውም። በማግሥቱ ሸምሶ ሲመጣ «መጠኑን ትንሽ ዝቅ እናድርገው» አለችው፤ ለምን እንደሆነ ግን ዋጠችው። ለራሷ ምክንያት አላጣችም። ሆስፒታሉ ነው የጀመረለት። ከመሸጫ የጨመረው ራሱ ነው። ብነግራቸው ይደነግጡና ባንዴ ያቋርጡታል። ሁሉም እውነትነት ነበራቸው፤ ሁሉንም የምትደረድረው ግን ፈርታ እንደሆነ ታውቃለች። ጸሎት ቤት ገብታ ስትንበረከክ ቃል አይመጣላትም። ስለ ሸምሶ ቆማ የመሰከረችበትን ቦታ አልፋ ኋላ መቀመጥ ጀመረች።

እንዲህ ሦስት ሳምንት ሆናት። አረፋ አሥር ቀን ሲቀረው መሕቡባ ብቻዋን መጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቀልደኛ ልጅ ነበረች። ያን ቀን ግን ሻሽዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ገባች።

«የእነአብዱልሃፊዝ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር» አለች። «በሽታው በዘር ይሄዳል፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል አሉ። ሠርጉ ቀርቷል።»

መሕቡባ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«እኔንም ይይዘኛል፣ ሲስተር?»

«አይይዝሽም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

ይህኔ መናገር ነበረባት። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «እንዲህ ዓይነቱ ... በዘር አይሄድም።»

«እሱን በወረቀት ጻፊልኛ። በማኅተም። አብዱልሃፊዝ ወረቀት ካለ አባቴን አሳምናለሁ ብሏል።»

«ኃላፊውን ላነጋግርና ... ነገ ተመለሺ።»

መሕቡባ አመስግና ወጣች። ሐረገወይን በሩ እንደተዘጋ ራሷን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። የቀሩትን በሽተኞች አብራት የምትሠራው አሰፋሽ አየችላት። መሕቡባን ነገ ተመለሺ ብትላትም እሷ ራሷ ነገን አልጠበቀችም፤ ከሥራ ስትወጣ ባጃጅ ይዛ በቀጥታ ወደ ሸምሶ ቤት ሄደች።

ሸምሶ ደጅ ላይ ሰሌን ተነጥፎለት ተጋድሟል። ሰፍያ ቆጮ ልታቀርብላት ተነሳች።

«ተቀመጪ፣ ሰፍያ። ከሰማሽኝ በኋላ ምግብሽን መብላት አልችልም» አለች ሐረገወይን። መሕቡባም ከጓዳ ወጥታ ቆመች። ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገረች፤ ለአሥር ቀን የታዘዘውን ሳትመረምር ማራዘሟን፣ የረመዳኑን ነገር፣ ክኒኑ ሲበዛ እንደሚጥል፣ ይህን ካወቀች ሦስት ሳምንት እንዳለፋት።

«የሚጥል በሽታ የለብዎትም፣ ጋሽ ሸምሶ። የጣለዎት እኔ የጻፍኩት ነው።»

 ሸምሶ ቀስ ብሎ በክርኑ ተነሳ።

«ጂን አይደለማ?»

«አይደለም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ከዚያ ፊቷን አይቶ ጨመረ፦ «አንቺ ክፉ አስበሽ አይደለም። እኔም ሰርቄሻለሁ፤ ያንቺን ወረቀት ይዤ ሌላ ቦታ እገዛ ነበር። አውፍ ብያለሁ።»

ይቅርታው እንዲህ በቀላሉ ሲመጣ ሐረገወይን ሸክሙ አልቀለላትም፤ ጭራሽ ባሰባት። ሰፍያ ግን ፍንክች አላለችም። ያን ጊዜ ሲስተር አላለቻትም፤ በስሟ ጠራቻት።

«ሐረገወይን፣ እኔ ጠይቄሽ ነበር።»

«ጠይቀሽኛል።»

«እስከ መቼ ነው ብዬሽ ነበር። ታገሺው አልሺኝ። ታገስኩ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሦስቱን ሳምንትስ? ሽማግሌ እየተመላለሰ ልጄ ስታለቅስ አንቺ እያወቅሽ ቢሮሽ ትቀመጪ ነበር?»

«አዎ» አለች ሐረገወይን። 

በማግሥቱ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አስፈቅዳ ወረቀቱን ጻፈች፤ ማኅተም አስመታች፤ ራሷ ይዛ ወደ ሸረፋ የበርበሬ መጋዘን ሄደች። ሸረፋ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በርጩማ አስመጥተውላታል።

«ባለፈው ጊዜ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ የጻፈው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«አሁን አይደለም ብሎ የሚጽፈውስ?»

«እኔው ነኝ።»

«እንግዲህ ልጄ፣ የትኛውን ወረቀትሽን ልመን?» ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው መለሱላት። «ሰውየውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። የምታርሚው ጥሩ ነው። ሰው ግን አንዴ ያየውን አይረሳም።»

አብዱልሃፊዝ ለጥቂት ቀን ታገለ፤ ከአባቱ ጋር ተኳረፈ፤ በመጨረሻ ዝም አለ። በዚያው ዓመት ፋሲካ ሳይደርስ ሌላ አገባ።

ሐረገወይን በጤና ጣቢያው የዓርብ ግምገማ ስብሰባ ላይም እጇን አውጥታ ያደረገችውን ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ ተናገረች። ከሥራ መታገድ ቢመጣም ተዘጋጅታ ነበር። ኃላፊው ማስታወሻው ላይ እየጻፈ «እንደ ክፍተት ተይዟል፤ ወደፊት ይታረማል» አለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ገባ። ስትወጣ ከመቀጣት ይልቅ አለመቀጣቷ አሳፈራት።

ሸምሶን ከክኒኑ ለማላቀቅ አሥር ወር ፈጀ። በየሳምንቱ ቤቱ ትሄዳለች፤ ከመጠኑ ትቀንሳለች፤ ላቡንና እንቅልፍ ማጣቱን ታያለች። ሁለት ጊዜ «በቃኝ፣ የድሮውን ስጪኝ» ብሎ ለመናት፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰድቧት በማግሥቱ አለቀሰ። ሙቅ ውኃ በጨርቅ፣ ቀስ ያለ እርምጃ፣ ቀላል ማስታገሻ፤ የቀራት ይኸው ብቻ ነበር። ወገቡ ጨርሶ አልዳነም። ጉድጓድ መውረድ ቀረና የተበላሸ የውኃ ፓምፕ እየጠገነ መኖር ጀመረ። መውደቁ ግን ዳግመኛ አልመጣበትም።

መሕቡባ በዓመቱ ከሌሎች የሠፈሯ ልጆች ጋር ፓስፖርት አውጥታ ወደ ሳዑዲ ሄደች። ሐረገወይን ልትሰናበታት መነኸሪያው ድረስ ወርዳ ነበር፤ ሰፍያን ከሩቅ ስታይ ግን አልቀረበቻቸውም። አውቶቡሱ እስኪወጣ ከአንድ ሱቅ ጥግ ቆማ ተመለሰች።

በዚያው ሰሞን ከሥራ ሰዓት በኋላ ካርድ ክፍል እየገባች የቆዩ ካርዶችን መግለጥ ጀመረች። የሸምሶ ብቻ መስሏት ነበር። በእሷ እጅ ጽሑፍ፣ ያው መድኃኒት፣ ያው «ይደገም» የሚል ቃል በአሥራ አራት ካርዶች ላይ ተገኘ። አንዳንዶቹን ፊታቸውን እንኳ ማስታወስ አልቻለችም። ሁሉንም አንድ በአንድ አስጠራቻቸው። አደይ የሚባሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት፣ መጠኑ እንደሚቀንስ ስትነግራቸው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ «አንቺ ራስሽ ስትሰጪኝ ከርመሽ አሁን ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» አሏት። ልክ ነበሩ። ተቀምጣ ሰማቻቸው፤ ከዚያ ሁሉንም ከመጀመሪያው አስረዳቻቸው። አንድ ሰው ከአሥራ አራቱ አልመጣም፤ ቤቱ ሲጠየቅ ከስድስት ወር በፊት መሞቱ ተነገራት። በምን እንደሞተ የሚያውቅ የለም። ይኼኛውን ለማንም ተናግራ የምታወጣው አልሆነም፤ ዛሬም ድረስ ሌሊት ከእንቅልፏ የሚያስነሳት እሱ ነው።

ሰፍያ ጤና ጣቢያ ስትመጣ ሁልጊዜ በአሰፋሽ ወረፋ ላይ ትቆማለች። በሐረገወይን በር ላይ ሰው ባይኖር እንኳ እዚያው ትጠብቃለች። እንዲህ ከሁለት ዓመት በላይ ሆነ። በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አሰፋሽ ወልዳ እቤት ስለነበረች ክፍት የነበረው የሐረገወይን ክፍል ብቻ ነው። ሰፍያ ገባችና ተቀመጠች። እንሰት ስትፍቅ ትከሻዋን ይዟታል። ሐረገወይን መረመረቻት፤ ተራ ማስታገሻ ጻፈችላት። ወረቀቱን ስትሰጣት ሰፍያ አልተቀበለችም።

«ምን ይሠራል?» አለች።

«ሕመሙን ያስታግሳል።»

«ሌላስ?»

«በባዶ ሆድ ከወሰድሽው ጨጓራ ያማል። ስታስመልሺ ደም መሳይ ካየሽ ወዲያው አቁሚና ነይ።»

«ሌላስ?»

ከውጭ ወረፋው መንጫጫት ጀምሮ ነበር። ሐረገወይን መድኃኒቱ በኩላሊትና በደም ግፊት ላይ ስለሚያመጣው ጉዳት፣ ስለ አለርጂም የምታውቀውን ሁሉ ተናገረች። ሰፍያ ዓይኗን ሳትነቅል ሰማች።

«እስከ መቼ ነው?»

«ለአምስት ቀን። በስድስተኛው ቀን ባይሻልሽም አትውሰጂው፤ ተመልሰሽ ነይ፤ እንደገና አይሻለሁ።»

ሰፍያ ወረቀቱን ወስዳ «አምስት» የሚለው መጻፉን አየች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ደህና ዋይ ሳትል ወጣች።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት እንደተባለችው ተመልሳ መጣች። ተራዋ ሳይደርስ ከሐረገወይን በር አጠገብ ቆማ ነበር፤ ሐረገወይን ስታያት «ግቢ» አለቻት።